በድሬ ሙቀት ስፖይለር በፋይበር ለምትሠሩ

ድሬ ላይ ለስፖርት መኪናችሁ የፊት ስፖይለር (ከፊት ፓራውልቱ ሥር የሚገጠመውን የአየር መምሪያ) ቤት ውስጥ በፋይበር ግላስ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሬዚኑን (ፋይበሩ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክረውን ፈሳሽ) ንጋት 11 ሰዓት ላይ በጥብጡት። እኩለ ቀን ላይ በጭራሽ! በሙቀት ሥራችሁን ሳትጨርሱ ይጠነክርባችኋል።

ፖሊስተር ሬዚን የሚጠነክረው በሚጨመርበት ማጠንከሪያ ነው። መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ብትሆኑም ሙቀቱ ያው ስለሆነ ወደ 1 በመቶው ተጠጉ። ለ500 ግራም ሬዚን 5 ግራም ማለት ነው። በዓይን ግምት አይሆንም፣ ሚዛን ተጠቀሙ። በጣም ካነሰ ደግሞ ውስጡ ሳይጠነክር ይቀራል። የበጠበጣችሁትን በጠባብ ጣሳ አታቆዩት። ተከማችቶ ሲቀመጥ ራሱን እያጋለ ይጨሳል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሱት። ሐረር ከሆናችሁ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ማጠንከሪያውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ቅርጹን የምታወጡት በቲቪ ካርቶን ውስጥ በሚመጣው ነጭ ፎም ከሆነ፣ መጀመሪያ በፕላስተር ጥቅልል አድርጋችሁ ሸፍኑት። ፖሊስተር ሬዚን ፎሙን ይበላዋል።

አገጣጠሙ ላይ አደራ! ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፓራውልቱ ላይ ብቻ በብሎን አታስሩት። ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አካል) ድረስ የሚደርስ ብረት ይኑረው። በእጃችሁ ጫን ስትሉት የሚጎብጥ ከሆነ ወደ ደንገጎ ዳገት ይዛችሁት አትውጡ።

ስትፍቁት ማስክ አድርጉ፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው።