በጎጃም ተበታትነን ያለን በገና ደርዳሪዎች እንዴት እንሰባሰብ

እዚህ ጎጃም በገና የሚደረድር ሰው ሞልቷል፣ ግን ሁሉም በየቦታው ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሁለት፣ ደንበጫ አንድ፣ ቢቸና አንዷ እህት ብቻዋን፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ደሞ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁሉ የየራሱን ይዞ። እነዚህን አሰባስቦ በነፃ የሚያገለግል ማኅበር እንዴት ይቋቋማል ለምትሉ ልጆች፣ እኛ ያየነውን ከነስህተቱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገር ኮሚቴ አትምረጡ። እኛ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ መርጠን መተዳደሪያ ደንብ ስናረቅ ስድስት ወር ሄደ፣ በዛ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አብረን አልደረደርንም እኮ! ሰው የሚመጣው የቸገረው ነገር ሲቃለልለት ነው፣ በገና የያዘን ሰው የሚቸግረው ደሞ ያው አውታርና ቅኝት ነው።

ስለዚህ ከአውታሩ ጀምሩ። አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው፣ በፋሲካ ደሞ በግ የሚያርደው ብዙ ነው፣ ቀጭኑን አንጀት ግን ብዙ ቤት ይጥለዋል። ቀደም ብላችሁ ለሰፈር እናቶች «እትዬ አንጀቱን እንዳይጥሉብን» በሏቸው። ከዛ ስቡን ፍቆ ደጋግሞ ማጠብ፣ ማክረር፣ በሁለት እንጨት መሐል ወጥሮ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ ለወፍራሙ አውታር አንጀቱን ደራርቦ ማክረር ነው። ሽታውን አልዋሻችሁም። ግን ያን ቀን ምንም የማያውቀው ልጅ እንኳ አንዱን ጫፍ ይዞ ይቆማል፣ ሽማግሌው እያከረሩ ስለ ቅኝት ያወጋሉ፣ በስድስት ወር ስብሰባ ያልተዋወቅን ሰዎች በአንድ ከሰዓት ተግባባን። ናይለን የሚያስሩም አሉ፣ አልጣላቸውም፣ ለኔ ጆሮ ግን የእንዚራው (በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው ብርኩማ መሐል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ) እዝዝታ እንደ አንጀቱ አይሆንልኝም።

ቀጥሎ ቅኝት፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በገና እንደ ኪቦርድ ቁርጥ ያለ ድምፅ የለውም፣ የሚቃኘው ለደርዳሪው ጉሮሮ ነው። መጀመሪያ ስንገናኝ ዘጠኝ በገና ነበር፣ እያንዳንዱ ቤቱ ሲሰማ ማር ነው፣ አንድ ላይ ሲመታ ግን ቀፎው የተነካ ንብ! መፍትሔው ድምፁ መካከለኛ የሆነ አንድ ሰው መምረጥና የሱን በገና መነሻ ማድረግ ነው፣ ሌላው ሁሉ ወደዛ ይቃኛል፣ ከዛ ነው ወደ እንዚራው የሚኬደው። እንዚራዋ በፀጉር ልክ ፈቀቅ ካለች እዝዝታው ጥፍት ይላል፣ ስለዚህ ለቅኝት ብቻ ሁለት ሰዓት ያዙ፣ አትቸኩሉ። የስልኩ ቱነር አፕ ለድምፁ ይረዳል፣ ለእንዚራ ግን ከጆሮ ሌላ ነገር የለም። ቅኝቱ ከድምፃቸው ለማይገጥም (ብዙ ጊዜ እህቶቻችን ይቸገራሉ) የጋራውን መዝሙር ሁለት ሦስት አድርጉትና ሌላው በየተራ ይሁን። ጣት ላይም ተነጋገሩ፣ በተለመደው ድርደራ ከአሥሩ አውታር የሚመቱት 1ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛና 10ኛው ናቸው፣ ሌሎቹ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው፣ ግርፍ (በጣት ሳይሆን በመምቻ መምታት) የለመደ ካለ ደሞ ከጣት ደርዳሪው ጋር ቀድሞ ይለማመድ።

አገልግሎቱ የት ይሁን ካላችሁ፣ ማኅሌቱ የከበሮ፣ የጸናጽልና የመቋሚያ ነው፣ በገና እዛ አይገባም። የኛ ወቅት ሑዳዴ ነው፣ 55 ቀን ሙሉ፣ ከበሮና ጸናጽሉ ሲያርፍ ሰው በገና ይናፍቃል። የሰንበት ትምህርት ቤት የማታ ጉባኤ ላይ፣ ከቤት መውጣት ላቃታቸው አረጋውያን፣ ሆስፒታል ለተኙ። ለታመመ ሰው ስትሄዱ አንድ በገና ይበቃል፣ ዝግ አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ ግን ቤተሰቡንም በሽተኛውንም ጠይቁ፣ በገና ሲሰማ ሞቴ ደረሰ እንዴ ብሎ የሚደነግጥ አለ፣ ደርሶብናል። ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ሳታስፈቅዱ የትም እንዳትገቡ። ግጥማችሁንም ለየኔታ አሳዩ። ዋሸራ ያለበት የቅኔ አገር ላይ ነው ያለነው፣ አንድ የተንሸዋረረ ቃል ካለችበት ሕዝቡ ፊት ከምትታረሙ እሳቸው ጋ ብትታረሙ ይሻላል።

ጀማሪ የሚያስተምር ሰው ከሁለት ልጅ በላይ አይያዝ፣ ክፍያ የለም፣ የእንጨትና የቆዳው ወጪ ግን በአንድ ሰው ላይ አይውደቅ።

ከባሕር ዳር ማርቆስ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁሌ አንድ ጫፍ ከተገናኛችሁ የሌላው ጫፍ ሰው ይቀራል፣ ቡሬ ወይ ፍኖተ ሰላም ይሻላል። መንገድ ሲዘጋ በየከተማችሁ ተገናኙና ኔት ሲኖር በቴሌግራም ቮይስ ተላላኩ። በገናውን መኪና አናት ላይ እንዳትጭኑ! አውታሩን ላላ አድርጋችሁ ገበቴውን (ከታች ያለውን የድምፅ ሣጥኑን) በጋቢ ጠቅልሉና እጃችሁ ላይ ያዙት፣ ረዳቱ ሂሳብ ክፈሉለት ካለም ክፈሉ።

ምግብ በተራ ነው፣ በሑዳዴ ከሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ዳቦና ቆሎ ካለ በቂ ነው፣ ድግስ ከጀመራችሁ ድሃው ተራው ሲደርስ ይቀራል። በጽዋ ማኅበር ተረኛው ጽዋውን ይዞ እንደሚሄደው የኛ ተረኛ የተረፈውን የአንጀት ጅማት በከረጢት ይዞ ይሄዳል፣ ስለ ሽታው ግን ለባለቤቱ ቀድሞ ይንገራት።