ከዝናብና ከነፋስ በኋላ የሚታይ የሰንሩፍ ችግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው እና የኢንሹራንሱ ጉዳይ

ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ብዙ አይባልም፤ ሲመጣ ግን ነፋስና አቧራ አስከትሎ ባንዴ ይወርዳል። ከእንዲህ ያለው ዝናብ ማግስት ወደ ጋራዥ ከሚገቡት መኪኖች መካከል የጣሪያ መስታወታቸው፣ በተለምዶ ሰንሩፍ የምንለው፣ የተሰበረ ወይም ውኃ ያስገባ አይጠፋም። ባለንብረቱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ኢንሹራንስ ይከፍላል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ በውሉ ወረቀት ላይ ብቻ አይገኝም። መቀመጫው መራሱ ለመድን ሰጪው ምንም አይነግረውም፤ ክፍያውን የሚወስነው ውኃው በምን ምክንያት እንደገባ ነው። በመሆኑም ምክንያቱን መለየት ከካሳ ጥያቄው መቅደም አለበት፤ ሳይጣራና ፎቶግራፍ ሳይነሳ የተነካካ መኪና ደግሞ ግማሽ ማስረጃውን ጥሏል።

መስታወቱ ተሰባብሮ መቀመጫው ላይ ከፈሰሰ

የዚህ ጉዳት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ይገኛል፦ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ከጎረቤት ጣሪያ የተነቀለ ቆርቆሮ ወይም በረዶ። በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር መንገዶች ዳር መኪናን ጥላ ሥር ማቆም ፀሐዩ ያስለመደን ነገር ነው፤ ይሁንና የከተማዋን ስም የተሸከመው፣ ቀይ አበባ የሚያብበው የድሬዳዋ ዛፍ እንጨቱ ተሰባሪ ስለሆነ ነፋስ ሲበረታ ቅርንጫፉን በቀላሉ ይጥላል። በሐረርና በሐረማያ በኩል ባለው ደጋ ደግሞ በረዶውም መታሰብ አለበት።

የሚከፈትና የሚዘጋ ሰንሩፍ በአብዛኛው የሚሠራው በሙቀት ከጠነከረ መስታወት ነው። ይህ መስታወት እንደ ፓራብሬዛ ተሰንጥቆ በቦታው አይቆይም፤ ሲሰበር ባንድ ጊዜ ወደ ትናንሽ ፍንካቾች ይበተናል። ስለዚህ ከተሰበረ በኋላ መስታወቱን ዓይቶ ምቱ የት እንዳረፈ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ጠርዙ ላይ ቀድሞ ትንሽ ጉዳት የነበረበት መስታወት፣ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲግል ውሎ ድንገት ቀዝቃዛ ዝናብ ሲያገኘው ምንም ነገር ሳይወድቅበት ሊፈነዳም ይችላል። የመድን ሰጪው ጉዳት ገማች የመታውን ነገር ካላገኘ ይህንኑ መጠርጠሩ አይቀርም፤ «ቀድሞ የነበረ ጉዳት» የሚለው ቃል ሪፖርቱ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ማስነሳቱ ቀላል አይደለም።

መፍትሄው የሚጀምረው ቅርንጫፉን ባለመጣል ነው። መኪናው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ዛፉን፣ ቅርንጫፉን፣ ጣሪያውን፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የመኪናውን የውስጥ ክፍል በአንድነትም በተናጠልም ፎቶግራፍ ያንሱ። በረዶ ከሆነ የኮፈኑንና የጣሪያውን ላሜራ ከጎን በኩል በብርሃን ይመልከቱ፤ ሰንሩፍ የሰበረ በረዶ ላሜራው ላይም ጉድጓድ መተዉ ስለማይቀር ይህ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፍንካቹን በጓንት አንስተው በከረጢት ያስቀምጡ፤ የሰንሩፉ የውስጥ መጋረጃ ካልተጎዳ ይዝጉት፤ ጣሪያውንም አድርቀው በወፍራም ላስቲክ ከውጭ ይሸፍኑት። መሸፈን የባለንብረቱ ግዴታ ጭምር ነው፤ ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል ሲቻል የተተወ መኪና በሁለተኛው ቀን ዝናብ ለደረሰበት ተጨማሪ ጉዳት ካሳ መጠየቅ ከባድ ነው። በዚህ ሁኔታ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ መውረድ ወይም መውጣት ግን አይመከርም፤ በጠርዙ ላይ የቀረው ፍንካች በየመታጠፊያው እየተላቀቀ ተሳፋሪው ላይ ይወድቃል።

መስታወቱ ደህና ሆኖ ውኃ ከገባ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከኢንሹራንስ ጋር የሚደረገው ክርክር አብዛኛውም ከዚሁ ይነሳል። የሰንሩፍ ማሸጊያ ጎማ ውኃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ ተደርጎ አልተሠራም። ጥቂት ውኃ አልፎት እንደሚገባ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ከመስታወቱ ሥር ዙሪያውን አሸንዳ አለ፤ በአሸንዳው ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አራት ማፍሰሻ ቱቦዎች ይገኛሉ። የፊቶቹ ሁለቱ ፓራብሬዛውን በያዙት ምሰሶዎች ውስጥ ወርደው በፊት በር ማጠፊያ ወይም በፓራፋንጎ አካባቢ ይወጣሉ፤ የኋላዎቹ በኋላ ምሰሶዎች በኩል ወርደው በኋላ ጎማ ወይም በፓራውልት አጠገብ ያፈሳሉ። ቱቦዎቹ ቀጫጭን ናቸው። የድሬዳዋ ደቃቅ አቧራ ከኒም ቅጠል ጋር ለወራት ሲጠራቀምባቸው ቆይቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኘው ጭቃ ይሆንና ይደፍናቸዋል። መውጫ ያጣው ውኃ አሸንዳውን ሞልቶ ወደ ጣሪያው የውስጥ ጨርቅ ይገለበጣል፤ ባለንብረቱም ማዕበል መኪናዬን ጎዳው ይላል።

የትኛው ቱቦ እንደተደፈነ ለማወቅ መኪናው የቆመበትን መሬት ማስተዋል ይጠቅማል። ድሬዳዋ ሜዳ ላይ ሲቆም ደረቅ የሆነ መኪና ሐረር ሄዶ ተዳፋት ላይ ሲያድር ውኃ የሚያስገባበት አጋጣሚ አለ፤ ባለቤቱም የሐረር ዝናብ ስለበረታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከጁገል፣ ከሐረር ግንብ፣ ውጭ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ የቆመ መኪና ውኃውን በሙሉ ወደ ፊት ቱቦዎች ስለሚልክ፣ ጨርቁ በፓራብሬዛው አጠገብ ከራሰ የተደፈኑት የፊቶቹ ናቸው። አፍንጫው ወደ ዳገት ሆኖ የኋላ መቀመጫው ወይም የዕቃ መጫኛው ከራሰ ደግሞ የኋላዎቹን ይፈትሹ። እንዲህ ያለውን ነገር አስተውሎ ለመካኒኩ የሚነግር ባለንብረት የግማሽ ቀን የእጅ ዋጋ ይተርፈዋል።

ለማረጋገጥ ሰንሩፉን ከፍተው በአሸንዳው አንድ ማዕዘን ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀስ አድርገው ያፍስሱና በዚያው ማዕዘን በኩል ከመኪናው ሥር ሲወጣ ይመልከቱ። ወዲያው ከወጣ ቱቦው ደህና ነው፤ ከዘገየ ወይም ካልወጣ ተደፍኗል። ሌሎቹንም እንዲሁ በየተራ ይፈትኑ። የተደፈነውን ጫፉ በደነዘዘ ቀጭን የናይለን ገመድ ቀስ እያሉ መክፈት ይቻላል። በከፍተኛ ግፊት ኮምፕሬሰር መንፋት ግን የብዙ ጋራዦች መጥፎ ልማድ ነው፤ ቱቦው ምሰሶው ውስጥ ከመጋጠሚያው ይወልቅና ችግሩ ከዓይን ይሰወራል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ውኃው ከጣሪያ መምጣቱ ቀርቶ ከሞኬቱ ሥር ይወጣል። ቱቦው ከተከፈተ በኋላ ሞኬቱን አንስቶ ማድረቅ አይዘለል፤ በብዙ መኪኖች የኤሌክትሪክ ገመዶችና መጋጠሚያዎች ከሞኬቱ ሥር ስለሚያልፉ፣ የቀረው እርጥበት ከሳምንታት በኋላ ከሰንሩፍ ጋር የማይያያዝ የሚመስል ሌላ ብልሽት ያመጣል።

ለዚህ ጉዳት ካሳ ማግኘት ከባድ ነው። የሞተር ተሽከርካሪ የመድን ውሎች በአገልግሎት ብዛት የሚመጣን እርጅናና በጥገና ጉድለት የደረሰን ጉዳት በአብዛኛው ያገላሉ፤ የተደፈነ ቱቦም ከዚሁ ይመደባል። በሌላ በኩል ቱቦዎቹ በሙሉ እያፈሰሱ ውኃ የሚገባ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ቅርንጫፍ መስታወቱን ሳይሰብር ፍሬሙን ሊያጣምመው ይችላል። በመስታወቱና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት በአራቱም ጎን ያነጻጽሩ፤ በአንዱ በኩል ከሰፋ፣ አጠገቡም አዲስ ጭረት ወይም ጉድጓድ ካለ፣ ምክንያቱ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ የካሳ ጥያቄም ሊቀርብበት ይገባል። የውኃውን ፍተሻ በቪዲዮ መቅረጽ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ቱቦዎቹ ንጹሕ እንደነበሩ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ሰንሩፉ አልዘጋ ወይም አልከፈት ካለ

አስቀድሞ ፊውዙን ማየት፣ ቀጥሎም በሐዲዱ ላይ አሸዋ መግባቱን መመልከት ያስፈልጋል። ባትሪ ከተነቀለ ወይም ከደከመ በኋላ ሰንሩፉ የመቆሚያ ቦታውን የሚረሳባቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ማብሪያውን በመኪናው መመሪያ መሠረት ተጭኖ በመያዝ ይስተካከላል። ዝናብ እየመጣ ከሆነ በብዙ ሞዴሎች በሰንሩፉ ሞተር አጠገብ ባለው ቀዳዳ የእጅ ቁልፍ አስገብቶ እያዞሩ መዝጋት ይቻላል። በእጅ መግፋት ኬብሉን ይበጥሳል። የኤሌክትሪክና የሜካኒክ ብልሽት በራሱ በመድን ውል እምብዛም አይሸፈንም።

ውሉን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ

አሽከርካሪዎች ሁሉ እንዲገቡ የሚገደዱበት፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚመራው የሦስተኛ ወገን መድን የራስን መኪና አይሸፍንም። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይተው «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ለሰንሩፍ የሚያገለግለው በተለምዶ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው ውል ነው፤ ይሁንና «ሙሉ» የሚለው ስም ሊያታልል አይገባም። በእነዚህ ውሎች የማግለያ ክፍል ውስጥ ጎርፍ፣ ከባድ አውሎ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ተዘርዝረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ሽፋኑ የሚገኘው ተጨማሪ አረቦን (የመድን ክፍያ) ተከፍሎ ከውሉ ጋር በሚያያዝ ልዩ ማሟያ ሲካተት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱን ወንዝ ሙላት ያየ ከተማ ነዋሪ ይህን አንቀጽ ሳያነብ መፈረም አልነበረበትም። ደቻቱ የሚሞላው ከበላዩ ባለው ተራራ ሲዘንብ ስለሆነ፣ በከተማው ጠብታ ሳይወድቅ በወንዙ ደረቅ አሸዋ ላይ የቆመን መኪና ሊወስድ ይችላል።

የመስታወት ሽፋን ብቻውን በማሟያ የተገዛ ከሆነ፣ ማሟያው የፊት መስታወትን ብቻ ነው ወይስ ሰንሩፍንም ይጨምራል የሚለውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከፋብሪካው ሳይሆን በኋላ ተቆርጦ የተገጠመ ሰንሩፍ ውል ሲገባ ካልተገለጸ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። የመኪናው ዋጋ በውሉ ላይ ከገበያው በጣም አንሶ ከተመዘገበም መድን ሰጪው ካሳውን በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የመኪና ዋጋ ባለፉት ዓመታት ሲንር ውላቸውን በድሮው ዋጋ ያሳደሱ ሰዎችን የሚያገኛቸው ይህ ነው። በተጨማሪም ኤክሰስ የሚባለው የባለንብረቱ ድርሻ ከካሳው ይቀነሳል። ጥገናው ከኤክሰሱ ብዙ የማይበልጥ ከሆነ፣ በየዓመቱ ያለ አደጋ ለቆየ ደንበኛ የሚሰጠውን የአረቦን ቅናሽ ከማጣት በራስ ወጪ መሥራት ያዋጣል፤ ይህን ስሌት የአደጋ ማሳወቂያ ቅጹን ከመሙላት በፊት ያድርጉት።

ማሳወቁን ግን አያዘግዩ። የመድን ውልን የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል አደጋው መድረሱ ከታወቀ ጀምሮ ቢዘገይ በ5 ቀናት ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲነገር ይጠይቃል። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን ቀን ያለበት ጽሑፍና የመቀበያ ፊርማ ነው። ከሊብሬውና ከመንጃ ፈቃዱ ጋር የፖሊስ ወይም የቀበሌ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ነፋሱና ዝናቡ ከተካዱ የዕለቱን መረጃ ከሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ይጠይቁ።

ካሳው ከተከለከለ

በቃል የተነገረ ክልከላ አይቀበሉ፤ የትኛው አንቀጽ እንደተጠቀሰ በጽሑፍ ይጠይቁ። «እርጅና ነው» የሚል ከሆነ የቱቦዎቹን ፍተሻ ውጤትና የሌላ ባለሙያ አስተያየት አያይዘው እንደገና እንዲታይ ያመልክቱ። መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ ቅሬታ ለእርሱም ማቅረብ ይቻላል፤ ውሉ ስለ ግልግል ዳኝነት የሚለው ነገር ካለ ግን እርሱን አስቀድመው ያንብቡ። ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ በደብዳቤ ምልልስ ብቻ ጊዜውን አይጨርሱት።

አዲሱ መስታወት ሲገጠም

መስታወቱ በድሬዳዋ ካልተገኘ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ነው። በሞዴሉ ስም ብቻ ማዘዝ ያሳስታል፤ የአንድ መኪና ሁለት የምርት ዓመታት የተለያየ መጠን ሊኖራቸው ስለሚችል የሻንሲ ቁጥሩን ይላኩ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ ከመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የማይከፈት ሰፊ የመስታወት ጣሪያ አላቸው። ይህ በብሎን የሚታሰር ሳይሆን በማጣበቂያ የሚያያዝ ስለሆነ፣ በተራ ሲሊከን መለጠፉ ውኃ ከማስገባቱም በላይ መስታወቱን በጉዞ ላይ ያላቅቀዋል። ማጣበቂያው እስኪደርቅ አምራቹ የሚያዘውን ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው፤ የድሬዳዋ ሙቀት ያፋጥነዋል ብሎ ወዲያው ማጠብ ወይም ወደ ሐረር መነሳት ስህተት ነው።

ጋራዡ መኪናውን ሲያስረክብ ጥገናው በአግባቡ ስለመጠናቀቁ የሚፈረም ሰነድ ያቀርባል፤ መድን ሰጪውም ለጋራዡ የሚከፍለው ይህን ይዞ ነው። ከመፈረምዎ በፊት መኪናው አንድ ጊዜ አፍንጫውን ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አድርጎ ተዳፋት ላይ ይቁምና ለአሥር ደቂቃ ያህል በጎማ ቱቦ ውኃ ይፍሰስበት፤ የውስጥ ጨርቁንም በእጅዎ ዳስሰው ይመልከቱ። ጨርቁ እርጥበት ካለው ሰነዱን ሳይፈርሙ መኪናውን እዚያው ይተዉት።