የቆመ (ክሮቹ ወደ ላይ የተዘረጉ) የድሮ ፒያኖ በድሬዳዋ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርቶ ዛሬም የሚያገለግል ፒያኖ ዕድሜ የሰጠው አሠራሩ ነው። ወደ 230 የሚሆኑት ክሮች በድምሩ ከ15 ቶን በላይ ይስባሉ፤ ይህን ጭነት የሚሸከመው ቀልጦ በአንድ ወጥ የፈሰሰ የብረት አካል ነው። የክሮቹን ንዝረት የሚያጎላው ሰፊ ጣውላ፣ የድምፅ ሰሌዳው፣ ስፕሩስ ከተባለ ቀላልና ጠንካራ እንጨት ይሠራል። የድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ብረቱን አይጎዳውም፤ የሚያጠቃው እንጨቱን ነው። ስለዚህ «አርጅቷል» ተብሎ ከመጣሉ በፊት ይመርመር።

ተቃኝቶ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ይወርዳል

ይህ ምልክት ሁለት ምክንያት አለው። መሀል ላይ ያሉት ድምፆች አንድ ላይ ከወረዱ ጥፋቱ የአየሩ ነው፤ የድምፅ ሰሌዳው እርጥበት ሲያጣ ጉብታው ይቀንሳል፣ ክሮቹም ይላላሉ። ከአንድ ቁልፍ ሦስት ክሮች አንዱ ብቻ ተነጥሎ ከወረደ ግን መቃኛው (ክሩ የተጠመጠመበት የሚዞር ሚስማር) የተሰካበት ወፍራም ጣውላ ደርቆ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው።

ለአየሩ፦ ፒያኖውን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ፣ ከቬንትሌተርና ከኤሲ ፊት አርቁት። የእርጥበት መለኪያ ውስጡ አስቀምጡና ከ40 እስከ 55 በመቶ እንዲቆይ አድርጉ። በደረቁ ወራት የታችኛውን መከለያ አውልቃችሁ፣ ክዳኑ በተበሳሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አኑሩ። ስፖንጁ ውሃ እስኪያንጠባጥብ አይጥገብ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲመጣም አውጡት። ከሐረር የወረደ ፒያኖ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ አየር ውስጥ ስለሚገባ ቢያንስ 3 ሳምንት ሳይለምድ አይቃኝ።

ለላላው መቃኛ፦ በመፍቻ አዙራችሁ ስትለቁት ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ እንደ ውሃ የሚፈስ ቀጭን ሱፐር ግሉ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። መጀመሪያ ክሩን የሚመቱትን መዶሻዎች የያዘውን ክፍል አውጡ። ከዚያ ፒያኖውን በጀርባው አስተኙት፤ ከ200 ኪሎ ስለሚበልጥ ከአራት ሰው ባነሰ አይሞከር። በእያንዳንዱ ላላ መቃኛ ሥር ጥቂት ጠብታ አድርጉ፣ ሲመጥ ድገሙ፣ ለ24 ሰዓት ተዉት። መስኮት ይከፈት፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ይህም ካልያዘ መቃኛው ወጥቶ አንድ ቁጥር በሚወፍር ይተካ፤ ልዩነቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዘይት ወይም ዝገት ማላቀቂያ ፈጽሞ አትርጩ። ጣውላው ዘይት ከጠጣ በኋላ ሙጫም አይዘውም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙ የድሮ ፒያኖ የተሠራው ለዛሬው የመቃኛ መለኪያ፣ ለ440 ኸርዝ (መሀል ላይ ያለው «ላ» ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ሲርገበገብ) አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1859 የደነገገችው 435 ነበር፤ 440 በለንደን ጉባኤ የተመከረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ክሩ ዝጎ ከሆነ እዚያው ዝቅ ብሎ እርስ በርሱ ይስማማ። ከዘፋኝ ብቻ ጋር የሚጫወት ሰው ምንም አይጎድልበትም። የግድ ከፍ ማለት ካለበት በሁለትና በሦስት ዙር፣ በመሀሉ እያሳረፋችሁ ይሁን።

ቁልፉ ተጭኖ አይመለስም

ከመፍታታችሁ በፊት መዶሻውን በጣታችሁ ወደ ክሩ ገፍታችሁ ልቀቁት። ቶሎ ከተመለሰ ችግሩ ቁልፉ ጋ ነው፦ በቁልፎች መሀል የወደቀ ሳንቲም ወይም እርሳስ፣ አለዚያም በዝናቡ ወራት ያበጠ የቀዳዳው ፌልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ)። ቁልፉን አውጡ (ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል)፣ ሥሩን አጽዱ፣ ፌልቱን በፒንሳ በስሱ ጨፍልቁ። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ደረቁ ወር ሲመለስ ቁልፉ ይንገጫገጫል። መዶሻው ራሱ ከዘገየ ማጠፊያው ላይ ያለችው ቀጭን ሚስማር ጠብቃለች፤ ንጹሕ አልኮል አንዲት ጠብታ ይበቃታል።

ቁልፉ ሳይሠራ ትንሽ ይወርዳል

ከሥር ያለው ፌልት በዕድሜ ሳስቷል። በቁልፉ ጀርባ ጫፍ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን፣ ቁልፉ ገና ሲነካ መዶሻው እስኪነቃነቅ ድረስ ከፍ አድርጉ።

ይንጫጫል

መጀመሪያ ከላይ የተቀመጠውን ዕቃ አንሱ። ቀጥሎ የናሱን ሻማ መያዣ፣ ማጠፊያውንና የላላውን ብሎን ዳስሱ፤ አብዛኛው ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ካልጠፋ አንድ ሰው ያንኑ ድምፅ እየመታ ሌላው ከኋላ የድምፅ ሰሌዳውን በመዳፉ ይጫን። ሲጫን ድምፁ ከጠፋ ሰሌዳው ከደጋፊ አግዳሚው ተላቋል፤ የእንጨት ኮላ በስንጥቁ አስገብታችሁ በብሎን ሰብስቡት። ሳይላቀቅ የተሰነጠቀ ሰሌዳ ግን አያስፈራ፤ ድምፁ እንደ ጥንቱ ሊሆን ይችላል።

ወፍራሞቹ ክሮች ታፍነዋል

በመዳብ ጥምጥሙ ውስጥ አቧራ ተጠቅጥቋል። ክሩን አላልታችሁ ከታችኛው መንጠቆ አውልቁ፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ በጥምጥሙ አቅጣጫ አንድ ዙር አጥብቃችሁ መልሱ። ሁሉም ታፍነው ከሆነ ብርኩማው (ክሮቹ የተደገፉበት፣ ንዝረታቸውን ለድምፅ ሰሌዳው የሚያስተላልፈው እንጨት) ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና ሚስማሮቹ አካባቢ በባትሪ ፈትሹ።

የብረት አካሉ ተሰንጥቋል

ከመግዛታችሁ በፊት በባትሪ የምትፈልጉት ይህን ነው፤ በተለይ በቀጫጭኖቹ ክሮች በኩል ያሉትን አግዳሚዎች ተመልከቱ። ያን ሁሉ ቶን የሚሸከም ብረት ተበይዶ እምነት አይጣልበትም። እንዲህ ያለ ፒያኖ ይፈታ፦ የክሮቹ ውጥረት ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነስ፤ ብሎኑ፣ ፔዳሉና የቁልፎቹ ልባስ ለሌላ ፒያኖ መለዋወጫ ይቀመጡ።