በፆታ ሽግግር ላይ ሆነው ሥራ ለመልቀቅ ወይም ለመቆየት ሲወስኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ቅጥሩም፣ መልቀቂያውም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውም በእጄ ያልፋል። ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ፆታ የተለየ ፆታ ያላቸው ሰዎች፣ በዚህ ከተማ አሉ፤ የሉም ስለተባለ አልጠፉም። ካመኑኝ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ስለ ወረቀት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልተስተካከሉ መልቀቁም መቆየቱም ያው ገደል ነው።

የውጭ አገር ምክርን እንዳለ መውሰድ

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር አለቃዎን ያነጋግሩ፣ ለሰው ሀብት ክፍል ደብዳቤ ይጻፉ፣ ባልደረቦችዎ ሁሉ በአንድ ቀን ይወቁ ይላል። ይህ ምክር የተጻፈው ሕግ ከኋላው ለቆመለት ሰው ነው። የብሪታንያ የእ.ኤ.አ. 2010 የእኩልነት ሕግ ፆታውን የሚለውጥ ሰው እንዳይገለል በግልጽ ይከለክላል። በአሜሪካ ኤሚ ስቲቨንስ የቀብር አገልግሎት ድርጅት ሠራተኛ ነበረች፤ ከእንግዲህ ሴት ሆና እንደምትሠራ ለአሠሪዋ በደብዳቤ አሳውቃ እ.ኤ.አ. በ2013 ተባረረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2020 ሲፈርድላት፣ እሷ ከሞተች ወር አልፏት ነበር። ከሳሽ ማሸነፍ በሚችልበት አገር እንኳ ነገሩ ሰባት ዓመት ፈጀ።

እኛ ጋ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ሠራተኛን መለየት ይከለክላል፤ ፆታውን ስለሚለውጥ ሰው ግን አይናገርም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊትን ነው። የፆታ ሽግግር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰፈሩና ዘበኛው ግን ይህን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2023 ቲክቶክ ላይ ሰዎችን በፎቶና በስም የማጋለጥ ዘመቻ እንደነበረም አይዘንጋ።

ስለዚህ ደብዳቤ አይጻፉ። የግል ማህደር የሚባለው ስሙ ብቻ ነው የግል። ገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ጸሐፊዋ ታነበዋለች፣ ሥራ አስኪያጁ ይመራበታል፣ ግልባጩ ለሕግ ክፍል ይሄዳል። ማህደሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያላየው ሰው ቢኖር የሻይ ክበቡ አስተናጋጅ ነው፤ እሱም ምሳ ሰዓት ላይ ይሰማል።

የሙከራ ጊዜንና ሆርሞንን አለማገናኘት

ከሁሉም የከፋ የምለው ይህን ነው፤ ሆኖም የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። ቴስቶስትሮን (የወንድ ገጽታ የሚያመጣው ሆርሞን) የጀመረ ሰው ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጎረንናል። አንዴ ከጎረነነ መድኃኒቱ ቢቆምም አይመለስም። ኤስትሮጅን (የሴት ገጽታ የሚያመጣው ሆርሞን) ድምፅን አይነካም፤ ጡት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ማጎጥጎጥ ይጀምርና እድገቱን ለመጨረስ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል።

አሁን ይህን ከአዋጁ ጎን ያስቀምጡት። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ አሠሪው «ለሥራው ብቁ ሆኖ አልተገኘም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብት ይችላል። ቴስቶስትሮን በጀመሩ በሁለተኛው ወር አዲስ ሥራ የገባ ሰው፣ ድምፁ መሰባበር የሚጀምረው ገና ሁሉም ሰው እየመዘነው ባለበት ሰዓት ነው። ወይ ቀደም ብለው ይቀጠሩና ሙከራውን ይጨርሱ፤ ወይ ባሉበት ይቆዩና ለውጡ ሲረጋ ይውጡ። አደጋው ያለው መሐል ላይ ነው።

በኤስትሮጅን በኩል ላሉ ሰዎች ጊዜው ሰፋ ስለሚል፣ ባሉበት ቆይቶ ገንዘብ ማጠራቀም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሹራብ ደርቦ መደበቅ ግን በሐዋሳ የመጋቢት ሙቀት አይሠራም፤ ከሚሸፍነው ይልቅ የሚያስጠይቀው ይበልጣል። ሰፋ ያለ ሸሚዝ ይሻላል። ኤስትሮጅን ለማግኘት ብሎ የወሊድ መከላከያ ክኒን እየገዙ በራስ መዋጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ክኒኑ የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል፤ ለሚያጨስ ሰው አደጋው ይብሳል። አልጋ ላይ ከዋሉ የሥራው ጥያቄ ራሱ ይቀራል።

ተናድዶ ወጥቶ መቅረት

አንድ ቀን አንድ ባልደረባ በሰው ፊት ይቀልዳል፤ ሰውዬው ቦርሳውን አንስቶ ይወጣል፣ በዚያው ይቀራል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ያለ ፈቃድ የቀረ ሰው ለአሠሪው ምክንያት ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለመጠየቅ ያንኑ በር መርገጥ አለበት።

የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በማመልከቻው ላይ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ከሚለው በላይ አንድ ቃል አይጨምሩ። ሂሳቡንም ይወቁት፦ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለና የሥልጠና ውል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ይከፈላል። በወር 9,000 ብር እየተከፈለው ስድስት ዓመት ለሠራ ሰው የ80 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም ግብር ሳይነሳለት 24,000 ብር ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ያለ ሰው ሁለት ወር ጥርሱን ነክሶ ቢቆይ አይጎዳም። የሚደርስበት ነገር ዱላ ወይም ማስፈራራት ከሆነ ግን ብሩን ይተወውና ይውጣ።

አዲስ ሥራ አዲስ ሰው ያደርገኛል ብሎ ማሰብ

«አዳማ ሄጄ እጀምራለሁ» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አዳማ ቅርብ ነው፤ የሐዋሳ ሹፌርና ነጋዴ እየተመላለሰ ያድርበታል። ደግሞም ሰው ከተማ ሲቀይር ወረቀቱ አብሮት ይሄዳል። የፋይዳ መዝገብ ስምን፣ ፆታን፣ ፎቶንና አሻራን ይዟል፤ የባንክ ሂሳቡ ከእሱ ጋር ተያይዟል፤ ዲፕሎማው በድሮው ስም ነው። ስምን በፍርድ ቤት ማስለወጥ ይቻላል፤ መዝገብ ላይ የሰፈረን ፆታ በሽግግር ምክንያት ለመለወጥ ግን በአገራችን የተዘረጋ ሥርዓት የለም። ኬንያ ውስጥ ኦድሪ ምቡጓ የፈተና ምስክር ወረቀቷ ላይ ስሟ እንዲቀየርና የፆታ ምልክቱ እንዲነሳ የፈተና ምክር ቤቱን ከስሳ እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈርዶላታል፤ የእኛ ፍርድ ቤት በዚያ ውሳኔ አይገደድም። ስማቸው ደስታ ወይም ስንታየሁ የሆነ ሰዎች ከዚህ ጣጣ ግማሹ ቀሎላቸዋል።

ከዚያ ዋስ አለ። ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሽያጭ፣ ሁሉም ዋስ ይፈልጋል። ዋስ የሚሆነው ደግሞ አጎት ወይም የድሮ ጎረቤት ነው። ማለትም ከቤተሰብ ሸሽቶ የመጣው ሰው ፈርሙልኝ ለማለት ወደ ቤተሰብ ይመለሳል። ከመልቀቅዎ በፊት «ማን ይፈርምልኛል?» የሚለውን ይመልሱ፤ መልስ ከሌለዎት ዋስ የማይጠይቅ ሥራ ይፈልጉ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በተመለከተ ከውስጥ የማውቀውን ልንገርዎ። ደብዳቤው በአማርኛ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። በመሥሪያ ቤት አማርኛ «ከዚህ ቀን ጀምሮ በሒሳብ ሠራተኛነት ሲያገለግሉ ቆይተዋል» ነው የሚባለው፤ ይህ ወንድም ሴትም አይልም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን በየመስመሩ ፆታ ይወጣል። ከስሙ ፊት አቶ ወይም ወይዘሪት እንዳይገባና ፎቶ እንዳይለጠፍ ደብዳቤውን ለሚያረቀው ሠራተኛ በትህትና ይናገሩ፤ «የምወዳደርበት ቦታ እንዲህ ይፈልጋል» ማለት ይበቃል። አዋጁ ደብዳቤው ላይ እንዲሰፍር የሚጠይቀው የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ነው።

ሁሉንም አቃጥሎ መጀመር የሚያስከፍለውን ለማየት የአሜሪካዊቷን የኮምፒውተር መሐንዲስ የሊን ኮንዌይን ታሪክ ማየት ይበቃል። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1968 በሽግግሯ ምክንያት አባረራት፤ የሠራችውን የኮምፒውተር ምርምር የእኔ ነው ማለት ሳትችል በኮንትራት ፕሮግራመርነት ከታች ጀመረች። በኋላ በቺፕ ንድፍ ዓለም የታወቀች ሆነች፤ ኩባንያው ይቅርታ የጠየቃት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ያዳናት እጇ ላይ የነበረው ሙያ ነው። በተቃራኒው የነርቭ ሳይንቲስቱ ቤን ባረስ እ.ኤ.አ. በ1997 ገደማ ሲሸጋገር እዚያው ስታንፎርድ ላይ ቆየ። ሰዎች በሴት ስም የወጡ የቀደሙ ጽሑፎቹን የእህቱ መስለዋቸው «የእሱ ሥራ ከእህቱ ይበልጣል» ሲሉ ሰምቷል።

ፆታን ለማረጋገጥ ሲባል ሥራ መምረጥ

ሴት መሆኗን ለማሳየት ፀጉር ቤት፣ ወንድ መሆኑን ለማሳየት ግንባታ። ሁለቱም ሥራዎች ክፉ አይደሉም፤ ችሎታው ካለ ይግቡ። ግን ሰው ሰውነትዎን ቀኑን ሙሉ የሚመረምርበት ቦታ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩም ያው ነው፦ አብዛኛው ሠራተኛ ወጣት ሴት ነው፣ በር ላይ ፍተሻ አለ፣ የማደሪያ ክፍል ለብዙ ሰው የጋራ ነው። ሥራውም ቢሆን ጽኑ አይደለም፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ስታስወጣ ስንት ሰው ቤቱ እንደገባ የሐዋሳ ሰው ያውቃል። ባጃጅ አለቃ የለውም፤ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ትራፊክ ግን አለው። ሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ የቪዲዮ ቅንብር፣ ሶፍትዌር፣ የጥገና ሥራ ይሻላሉ፤ በእነዚህ የሚታየው የእጅ ውጤት ነው።

«ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት»

ቡና ላይ የተነገረ ምስጢር የአቦል ዕድሜ ነው ያለው። ለሥራ ባልደረባ አይንገሩ። ምስጢሩን ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ብር የመጨረሻው እንደማይሆን አውቀው መልቀቂያዎን በዚያው ሳምንት ያዘጋጁ። ደመወዙ ስለሚያሳሳ ብቻ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መቆየት ደመወዙን ለእሱ መሥራት ነው።

እቁቡን ረስቶ መሄድ

ትንሽ ነገር ይመስላል። የመሥሪያ ቤት እቁብ ወጥቶልዎት ሳይጨርሱ ከጠፉ፣ ሊረሳዎት ይችል የነበረው ሰው ሁሉ ስልክዎን ይደውላል፣ ቤትዎን ያጠያይቃል፣ ዋስዎን ይይዛል። ሊለቁ ሲያስቡ አዲስ ዙር አይግቡ። ዙሩ መሐል ላይ ከሆነ ቀሪውን ለእቁብ ሰብሳቢው በአንድ ጊዜ ከፍለው ስምዎን ከደብተሩ ያሰርዙ።