እርሻን ለጎብኚ ሲከፍቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግዳ ወደ እርሻ የሚመጣው ሥራ ሲሠራ ለማየት፣ ቢቻልም እጁን ለማስገባት ነው። ስለዚህ የሚመርጡለት ነገር በግቢዎ ውስጥ ቀድሞ ያለ፣ በወቅቱ የሚሠራ፣ ልምድ የሌለው ሰው ቢነካው የማይበላሽ መሆን አለበት። ጎጃም ውስጥ ይህን ለመጀመር ያሰበ ገበሬ ከሚከተሉት ስህተቶች ቢጠነቀቅ ብዙ ድካምና ወጪ ይቀርለታል።

ሌላ ቦታ ያዩትን መቅዳት

ዘጌ ላይ በነባሩ ልማድ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ሰዉ የሚኖረው ደኑ ውስጥ በሚያበቅለው ቡናና ጌሾ ነው። እዚያ የእርሻ ትዕይንት ማዘጋጀት ሀገሬውን ማስቀየም ነው። ቡና ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ ቆልቶ እስከ ሦስተኛው ማፍላት ግን ራሱን የቻለ የግማሽ ቀን ቆይታ ነው። ጮቄ ግርጌ ያለ ገበሬ ገብስና ድንች አለው፤ ደጀንና ቢቸና በኩል ያለው ጤፍ አለው። የራስዎን ይዘው ይነሱ።

ወቅቱንና ቀኑን አለመቁጠር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ የሚታጨደው በኅዳር አካባቢ ሲሆን ውቂያው ከዚያ ይቀጥላል። ዘመድ ጥየቃም ሆነ ጉብኝት የሚበዛው በገናና በጥምቀት ሰሞን ስለሆነ ከእንግዳው ጉዞ ጋር የሚገጥመው ውቂያው ነው። አውድማው በበሬ እበት ሲለቀለቅ፣ በሬዎቹ ሲያበራዩ፣ ገለባው በመንሽ ሲበተን፣ እህሉ በላይዳ ለነፋስ ሲሰጥ ማየት ይቻላል። እንግዶችን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያቁሙ፤ የእብቁ ብናኝ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ጢስ ዓባይን ሞልቶ ለማየት የሚመጣው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ጤፉ ለጋ ስለሆነ ማሳ ውስጥ እንግዳ ካስገቡ ይረገጣል። ለመስከረም የሚሆነው የበቆሎ እሸት ነው፦ እንግዳው ራሱ ይቆርጣል፣ ይፈለፍላል፣ ፍም ላይ ይጠብሳል። አንድ ሁለት መደብ ለዚሁ ብቻ ይለዩ።

ቀኑም አለ። የከተማ ሰው የሚያርፈው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ገበሬው ደግሞ በሰንበት አያርስም። ወር በገባ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ29 በባለ እግዚአብሔር፣ በደብሩ ታቦት ቀንም እንዲሁ። ለእንግዳ ሲባል በበዓል በሬ መጥመድ ከጎረቤት ያጣላል። እርሻና ውቂያን ለሥራ ቀን፣ በተለይም ለተማሪዎች ቡድን ይመድቡ። ለሰንበት እንግዳ የጠዋት ላም ማለብ፣ ቡና ማፍላትና በማሳ ዳር መራመድ ይበቃሉ። ቤቱ ሲጾም እንግዳው የማይጾም ቢሆንም ምግቡን አስቀድመው ይንገሩት፤ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ፣ ምስርና ሱፍ ፍትፍት በደንብ ከተሠሩ ማንም አይከፋም።

እርፉን ለእንግዳ ለቆ መስጠት

ፎቶ ለመነሣት እርፍ መያዝ የማይፈልግ እንግዳ የለም። ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዝ ግን እርፉ ሽቅብ ይፈናጠራል፤ በላዩ ጎንበስ ያለን ሰው አገጩን ወይም ደረቱን ይመታል። በሬዎቹም የማያውቁት ሰው ጅራፍ ሲያጮህ ይደነብራሉ።

10 በ20 ሜትር የሆነ፣ ድንጋዩ የተለቀመ፣ ከተዘራው ማሳ የራቀ ቦታ ይለዩ። ዕድሜያቸው የገፋ ገራም በሬዎች ይጥመዱ። ጅራፉ ከገበሬው እጅ አይውጣ፤ እርፉንም ገበሬው ይዞ እንግዳው ከጎን አንድ እጁን ብቻ ያሳርፍ፣ ሁለት ትልም ሄዶ ለሚቀጥለው ይልቀቅ። ክፍት ጫማ ያደረገ አይግባ። ሌሎቹ በጎን ይቁሙ እንጂ በሬዎቹ በሚዞሩበት የማሳው ጫፍ አይቁሙ። ከስድስት ሰው በላይ ከሆኑ በሁለት ይክፈሏቸው፤ ሥራውም ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ይለቅ። ዕለቱን ሲያርሱ የዋሉ በሬዎችን ማታ ለእንግዳ እንደገና መጥመድ ግፍ ነው።

ቀፎ በቀትር መክፈት

የአገራችን ንብ ቁጡ ናት፤ በቀን ሙቀት ስትነካ ደግሞ ይብስባታል። ማር ቆራጮች አመሻሽ ላይ ወይም ሌሊት የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ቀይ ብርሃን ብዙም ስለማይታያት ባትሪያቸውን በቀይ ጨርቅ የሚሸፍኑም አሉ። የሞላ ቀፎ ሲከፈት እንግዳ አጠገቡ መቆም የለበትም። የሚያየው ሌላ ነገር ያዘጋጁለት፦ ባዶ የባህል ቀፎ፣ ባዶ ዘመናዊ ቀፎ ከነፍሬሙ፣ ማጨሻው፣ ሰፈፉ፣ በመጨረሻም ከእነ ሰፈፉ የሚቀመስ ማር። አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ለዚህ ይሆናል።

ቀፎዎቹ ከእንግዳ መንገድ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቁ፤ መካከል ላይ ሰው የሚያህል አጥር ወይም ቁጥቋጦ ካለ ንቦቹ ከራስ በላይ ከፍ ብለው ይበራሉ። ሽቶ የተቀባና ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ንቧን ያስቆጣታል፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይህን ይንገሩ። የተነደፈ ሰው ቆዳው ላይ የቀረውን እሾህ ሳይዘገይ በጥፍሩ ይፋቀው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱና ከንፈሩ ካበጠ ነገ እናያለን አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የሚወስደው መኪና የት እንዳለ ሳያውቁ የንብ ጉብኝት አይጀምሩ።

ፈረስን ከአቅሙ በላይ መጫን

ፈረስ ከነኮርቻው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ እንዲሸከም አይመከርም። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ 50 ኪሎ ድረስ ይችላል ማለት ነው፤ ይህም የልጅ ክብደት ነው። ልጆችን ልጓም ተይዞላቸው ያስቀምጡ፤ ትልልቆቹ ጎን ለጎን ይራመዱ።

ያለ እጅ መታጠቢያ ጥጃ ማስነካት

ከበረት መውጫው ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ይኑር፤ ውሃና ሳሙና ሳይነካ ምግብ የሚቀርብበት ቦታ የሚገባ አይኑር። ወተት ሳይፈላ አይቅረብ፤ እንደ ወረደ እንጠጣ የሚሉ ይኖራሉ፣ ነገር ግን ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። መጸዳጃው ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በቁልቁለቱ በኩል ይቆፈር።

ዋጋን በግምት ማውጣት

መጀመሪያ ሰዓቱን ይቁጠሩ። ለሦስት ሰዓት ጉብኝት አንድ ሰው በሬ ላይ፣ አንድ ማጀት፣ አንድ አስጎብኚ ከቆሙ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ የዝግጅቱና የጽዳቱ አምስት ሰዓት ሲታከልበት 14፣ ማለትም የሁለት ሰው ቀን ገደማ ነው። ይህን በመኸር ወቅት የቀን ሠራተኛ ዋጋ ያባዙት፤ የምግብ፣ የማገዶና የመኖ ወጪ ይጨምሩበት። ድምሩን ስድስት ሰው ይመጣል ብለው ሳይሆን ሦስት ብቻ ቢመጡ ብለው ያካፍሉ። ሦስት ከፍለው ካላዋጣ ያ መስተንግዶ ይቅር፤ ሌላ ይምረጡ።

በሙከራ ሳያልፉ መጀመር

ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ መርጠው፣ ጎጆም ሆነ ሌላ ግንባታ ሳይጀምሩ፣ ከከተማ የሚመጡ ዘመዶችን ከነልጆቻቸው አንድ ቀን ይጋብዙ። መሬቱ ላይ ግንባታ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀድመው የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በሙከራው ቀን ሰዓት ይያዙ፤ የት ላይ እንደሰለቻቸው፣ የት ላይ ጥላ እንዳጡ ይጻፉ። ከሁሉም በላይ የልጆቹን እግር ይከተሉ፦ ያልተከደነ ጉድጓድ፣ የታሰረ ውሻ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ማጭድ ጋ መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።