ክረምት ላይ የኢትዮሳት ቻናሎች ሲጠፉ፦ ጥፋቱ የተገኘበትና የተስተካከለበት መንገድ

ቦታው ደብረ ማርቆስ፤ ሁለት ዲሽ፣ አንድ ሪሲቨር፣ መሀል ላይ አንድ ስዊች (ሁለቱን ዲሾች ለአንድ ሪሲቨር የሚያቀያይር)። ከዝናቡ በኋላ ኢትዮሳት «ሲግናል የለም» ይላል፤ ናይልሳት ግን በከፊል ይሠራል።

ዲሹን ለማዞር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ናይልሳት ላይ የቀሩት ቻናሎች የትኞቹ እንደሆኑ እዩ። ቻናሎች በሁለት ዓይነት ሞገድ ይመጣሉ፤ ቨርቲካል (ቁም) እና ሆሪዞንታል (አግድም)። የቀሩት ቨርቲካሎቹ ብቻ ከሆኑ ችግሩ ቮልቴጅ ነው፦ ሪሲቨሩ ለቨርቲካል 13፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት ይልካል፤ የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲ 11105 (ሲምቦል ሬት 45000) ደግሞ ሆሪዞንታል ነው። ሁሉም ነገር እንደተሰካ ስዊቹ መግቢያ ላይ ሲለካ ቴስተሩ በ18 ፈንታ 14 ቮልት አሳየ። በዚህ ቮልት ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ቨርቲካል ላይ እንደቆመ ይቀራል።

ከሪሲቨሩ የሚመጣው ኬብል ጃክ ሲፈታ ውሃ ጠብ አለ። የመሀል ሽቦው አረንጓዴ ዝገት ይዟል፣ ዙሪያውን የሸፈነው የሽቦ መረብ ጠቁሯል። ጠርጎ መመለስ ዋጋ የለውም፤ ውሃው በመረቡ እየተሳበ ወደ ውስጥ ገብቷልና። ንጹሕ መረብ እስኪታይ ድረስ ኬብሉ ተቆረጠ፣ አዲስ ጃክ ገባ። የመሀል ሽቦው ከጃኩ አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይውጣ፤ አንዲት የመረብ ክር እንኳ ከነካችው ሾርት ነው። ይህን ሥራ ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ሥሩ።

ስዊቹ ጣሪያው ክፈፍ ሥር ገባ፣ ወደቦቹ ወደ ታች ዞሩ። ኬብሉም ጃኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች እንዲረግብ ተደረገ፤ ጠብታው እዚያው ይወርዳል።

ቮልቱ ደህና ሆኖ ኢትዮሳት ብቻ ከጠፋ አቅጣጫውን ፈትሹ፦ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ ኢትዮሳት የሚተላለፍበት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሳተላይት በኮምፓስ 117፣ ከፍታው 64 ዲግሪ ገደማ ነው።