የሰፈር መጫወቻ ቦታን እንዴት እንፈትሻለን? ከቀለሙ በፊት መሬቱን

ብረት በያጅ ነኝ። ደሴ ውስጥ ለመዋዕለ ሕፃናትም ለሰፈር ሜዳም ዥዋዥዌና ሸርተቴ ሠርቻለሁ። ከነዚያ በአንዱ ሸርተቴ ላይ፣ ልጆች ወጥተው ተራ የሚጠብቁበትን መቆሚያ በቱቦ ብረት አጠርኩት፤ በብረትና በብረት መካከል 15 ሳንቲ ሜትር። ዓይኔ የወደደው፣ እኩል የተሰደረ ሥራ ነበር። አንድ ቀን አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እግሯን አስቀድማ በዚያ ክፍተት ሾለከች። ወገቧ አለፈ፣ ደረቷ አለፈ፣ ጭንቅላቷ ቀረ። አያቷ ሮጠው ደርሰው ከሥር እግሯን ወደ ላይ ደግፈው ያዙልን። ባይደርሱስ ኖሮ?

አጥሩ ቢጫና ሰማያዊ የተቀባ፣ የሚያምር ነበር። መጫወቻ ቦታ ይታደስ ሲባል መጀመሪያ የምንገዛው ቀለም ነውና። ልጅን የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ሥር ያለው መሬትና ማንም የማይለካው ክፍተት ነው። ከዚህ በታች የማስረዳው ፍተሻ ለሁለት ሰው ግማሽ ቀን አይፈጅም።

1. ዕቃውን ሳይነኩ ልጆቹን ይዩ

ልጆች ሲጫወቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ሠሪው ያሰበው አጨዋወትና ልጆቹ የሚጫወቱት ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ሸርተቴውን ከታች ወደ ላይ ይሮጡበታል፣ ዥዋዥዌው ላይ ሁለት ሆነው ይቆማሉ፣ ምሰሶውን ይወጡበታል። የሚጋፉበትንና የሚዘሉበትን ቦታ ይጻፉ። የትኛው ብረት እንደሚቧጥጥም ይጠይቋቸው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ በላይ ያውቃሉ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ልጆች ሳይመጡ፣ ሜትር፣ ሞረድ፣ መፍቻና ደብተር ይዘው ይመለሱ።

2. ግቢውን ይዙሩ

ሰባራ ጠርሙስ፣ ምላጭ፣ የተጣለ መርፌ፣ ክዳን የሌለው የጎርፍ መውረጃ፣ ባጃጅ እስከ ውስጥ የሚገባበት በር። ይህን ሁሉም ሰው ያያል። ሁለት ነገር ግን ይታለፋል።

አንደኛው ተክል ነው። ጉሎና አጤ ፋሪስ በአጥር ጥግና ቆሻሻ በሚጣልበት ሁሉ ይበቅላሉ። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርና ለስላሳ ስለሆነ ልጅ ሰብስቦ ይጫወትበታል፤ ታኝኮ ከተዋጠ መርዝ ነው። የአጤ ፋሪስ ዘርም ያስቀባዥራል፣ ልብን በኃይል ያስመታል። ጓንት አድርገው ከነሥሩ ይንቀሉት።

ሁለተኛው ጦርነቱ ትቶት የሄደው ብረት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷል፤ ከወልድያና ከቆቦ በኩል ያለውንማ ነዋሪው ያውቀዋል። ልጅ ደግሞ ብረት ካየ ያነሳል። ምንነቱን የማያውቁት ብረት ካጋጠመዎት አይንኩት፣ ድንጋይ አይወርውሩበት፣ በመጡበት ዱካ ይመለሱ። ልጆቹን አርቀው ለፖሊስ ይናገሩ። እስኪነሳ ድረስ መጫወቻው ይዘጋ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

3. መሬቱን ይፈትሹ

መጫወቻ ቦታ ላይ ልጆች በብዛት የሚጎዱት በመውደቅ ነው። በክረምት ጭቃ የነበረው መሬት ጥር ላይ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። በተረከዝዎ ይምቱት። ተረከዝዎን ካመመው፣ ያንን መሬት የልጅ ጭንቅላት አይችለውም። ሣርም አይታመንም፤ ልጆች በሚያርፉበት ቦታ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ድንጋይ ንጣፍና አርማታማ ከዥዋዥዌ ሥር ፈጽሞ መኖር የለበትም።

መፍትሔው ውድ የጎማ ምንጣፍ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ባወጣው መለኪያ መሠረት 23 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አሸዋ እስከ 1 ሜትር ከ20 ለሚደርስ ከፍታ ይበቃል። እኩል ውፍረት ያለው የእንጨት ስንጥርጣሪ እስከ 3 ሜትር ድረስ ይሠራል። ከፍታው የሚለካው ለሸርተቴ ከመቆሚያው፣ ለዥዋዥዌ ደግሞ ሰንሰለቱ ከተሰቀለበት አግዳሚ ብረት ነው። ስለዚህ አግዳሚው 2 ሜትር ከሆነ አሸዋ አይበቃውም፣ ስንጥርጣሪ ይፈልጋል። ከአናጢ ቤት በነጻ የሚገኘውን ሰጋቱራ ግን አልመክርም፤ ሚስማር አያጣውም፣ የደሴ ክረምት አንዴ ከመታው ደግሞ ቦክቶ ይጠቀጠቃል።

ሲሞላ 23 ሳይሆን 30 ሳንቲ ሜትር ይሙሉ፤ እየተረገጠ ይሰምጣልና። ስፋቱ በዕቃው ዙሪያ ሁሉ 1 ሜትር ከ83 መሆን አለበት። ለዥዋዥዌ ከፊትም ከኋላም የአግዳሚው ከፍታ እጥፍ ይለካል፤ አግዳሚው 2 ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ወደ ፊት፣ 4 ሜትር ወደ ኋላ ማለት ነው። ወጪውን ለመገመት ያህል፣ ዙሪያው ተጨምሮ 4 በ7 ሜትር የሚይዝ ሸርተቴ 8 ሜትር ኩብ ተኩል ገደማ አሸዋ ይፈልጋል። አንድ ሲኖትራክ እንኳ አይሞላም።

ቁልቁለት ላይ ላለ ሰፈር ከአሸዋው በፊት ቦይ ይቀድማል። በላይኛው ጎን የጎርፍ መቀልበሻ ካልተቆፈረ፣ ከቦርከና ወንዝ የመጣው አሸዋ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ቦርከና ይገባል። አሸዋው ሲታጠብ ደግሞ ምሰሶው የቆመበት አርማታ ራሱን ያወጣል፤ ልጅ ተደናቅፎ ግንባሩን የሚመታው እሱ ላይ ነው። በአፈር ይቅበሩት።

4. ክፍተቱን በሁለት መለኪያ ይፈትኑ

ከጣውላ 9 በ16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ፣ ከወፍራም ካርቶን ደግሞ ዲያሜትሩ 23 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይቁረጡ። ጣውላው የትንሽ ልጅ ደረት፣ ክቡ የትልቁ ልጅ ጭንቅላት ነው እንበል። ዙሪያውን የተዘጋ ክፍተት ሁሉ ላይ ይሞክሩ። በአጥሩ፣ በመሰላሉ ርብራብ፣ በመቆሚያው ወለል፣ በየትኛውም። ጣውላው ካላለፈ ደህና ነው፣ ልጅ አይሾልክም። ክቡም ካለፈ ልጁ ሙሉ በሙሉ ያልፋል፣ አይንጠለጠልም፤ መውደቂያ እንዳይሆን ግን ለብቻው ይታያል። ጣውላው አልፎ ክቡ ከቀረ ግን ያ የእኔ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ መሬት ብቻ ያለበት ክፍተት በዚህ አይቆጠርም።

እኔ በየመሀሉ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ አንድ ብረት ጨምሬ ክፍተቱን ወደ 6 አወረድኩት። የግማሽ ቀን ብየዳ ነበር።

በዚያው ዞር ሲሉ በእጅዎ ይዳብሱ። ከዳዶው አልፎ ከሁለት ጥርስ በላይ የወጣ ቡሎን ይቆረጥና ይሞረድ፤ ልብስ ይይዛል፣ ዓይን ይወጋል። ጫፉ ያልተደፈነ ቱቦ ይደፈን። የተላጠ አሮጌ ቀለም ካለ በደረቁ አይፈግፍጉ፤ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ሊሆን ስለሚችል አቧራው ይመርዛል። እያረጠቡ ያንሱት፣ ፍቅፋቂውንም ሰብስበው ያስወግዱ። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እንዳይበልጥ በመንግሥት ደንብ ስለገደበች፣ አዲስ ሲገዙ ይህን ይጠይቁ።

5. ዥዋዥዌ

በአንድ አግዳሚ ከሁለት መቀመጫ በላይ አይሰቀል። በሁለቱ መካከል 61 ሳንቲ ሜትር፣ ከምሰሶው 76፣ ከመሬት 30 ይራቅ። መቀመጫው ጣውላ ወይም ብረት ከሆነ ከኋላው የሚያልፈውን ልጅ ጥርስ ያረግፋል። በጎማ ይቀይሩት፤ በረባሶ የሚሠሩት ሰዎች ሽቦ የሌለውን ጎማ ለይተው ይቆርጡልዎታል። ሰንሰለቱን የሚይዘው ጠማማ ማንጠልጠያ አፉ ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ በመዶሻ ይዝጉት። የቀጠነ ሰንሰለት አይበየድም፤ ይቀየራል።

6. ሸርተቴ

ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን የላሜራ ሸርተቴ ቂጣ ይጋግራል ቢባል ብዙ አልተጋነነም። የደሴ ብርድም አያታልልዎት፤ ፀሐይዋ ካገኘችው ብረት ይግላል። በእጅዎ ጀርባ አምስት ሰከንድ ያህል ይንኩት፤ ካልቻሉ ልጁም አይችልም። ጥላ ይፈለግለት፤ ከላይ ያለውን ደረቅ ቅርንጫፍ ግን አስቀድመው ያስቆርጡ።

ለሚጀምር ሰፈር አንድ ነገር ልጨምር። ቁልቁለታችንን ሁልጊዜ እናማርራለን፤ ለሸርተቴ ግን ሀብት ነው። በዳገቱ ላይ ራሱ የተነጠፈ ሸርተቴ መሰላልም ከፍ ያለ መቆሚያም የለውም፤ ልጁ ወደ ጎን ቢወድቅ የሚወድቀው ሣር ላይ ነው። ብረቱም ግማሽ ይቀንሳል።

ለወላጆች ደግሞ፤ ሕፃን ታቅፈው አይንሸራተቱ። የልጁ ጫማ ጠርዙን ሲይዝ የእርስዎ ክብደት ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የታፋ ወይም የቅልጥም አጥንት የሚሰበረው እንዲህ ነው።

7. አንገት ላይ ያለ ነገር

የኮፍያ ማጥበቂያ ገመድ፣ የቦርሳ ማንገቻ፣ ነጠላና ሻርፕ ሸርተቴው አናት ላይ ሲያዙ ያንቃሉ። ገመዱን ከጃኬቱ መዘው ያውጡ። ማተብም ክታብም ከሸሚዝ ውስጥ ይግባ፤ ሂጃብ ያደረገች ልጅ ጫፉን ከልብሷ ውስጥ ትክተተው። ልጆች ለመጫወት ብለው ብረቱ ላይ ያሰሩትን ገመድ ባዩ ቁጥር ይፍቱ።

8. አደጋ ከደረሰ

ጭንቅላቱን ተመትቶ ያስመለሰ፣ የደነዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። አጥንት የተሰበረበትን ልጅ ወደ ወጌሻ አይውሰዱት። ወጌሻን መናቄ አይደለም፤ በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላልና። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ያድርሱት።

9. ደብተሩና ቅሬው

ያገኙትን በሦስት ይክፈሉት፤ ዛሬ የሚዘጋ፣ በዚህ ወር የሚጠገን፣ ገንዘብ የሚጠብቅ። ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ ሲሰበሰብ ያንብቡት። የእኛ ሰው ለሐዘን አዋጥቶ የለመደ ስለሆነ ለአሸዋ ሲጠየቅ አያንገራግርም። ለቀበሌው ግን በቃል ሳይሆን ቀን በተጻፈበት ደብዳቤ ይስጡ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ። አሸዋውን በየሳምንቱ በሬክ መመለስ ለትልልቆቹ ልጆች ሊሰጥ ይችላል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቦዩ ይጠረግ፤ መስከረም ላይ ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ተይዘው ይወዝወዙ፣ የእንጨቶቹ ሥር በቢላ ጫፍ ይሞከር።

ዛሬ የሚዘጋውን ዕቃ ደግሞ ሰንሰለቱን ፈትተው፣ መሰላሉን ነቅለው ይውሰዱት። «አትጠቀሙ» የሚለውን ወረቀት የአራት ዓመት ልጅ አያነበውም።